ጆንያው ላይ የነበረው ስም

ባለፈው ወር አንዲት ልጅ ቤቴ መጣች። የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ልጅ ናት። አንድ ቡና ላኪ ድርጅት ውስጥ የጥራት ባለሙያ ሆና መሥራት ከጀመረች አራት ዓመቷ ነው። ቡና ተፈላ። ቶናው ላይ ስንደርስ ስልኳን አውጥታ የሊንክድኢን ገጿን አሳየችኝ። ነጭ ጋውን ለብሳ፣ የቅምሻ ማንኪያ ይዛ፣ ከፈረንጅ ገዢ አጠገብ ቆማለች። ፎቶው ያምራል። ከዚያ እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፦

«ጋሼ፣ በሳምንት ስንት ጊዜ ብለጥፍ ነው ገዢዎች የሚያውቁኝ?»

ዝም አልኩ። ጥያቄዋን የናቅኩባት መስሏት ስልኳን ቶሎ ወደ ቦርሳዋ መለሰች። አልናቅኩም። ሐሳቤ ሌላ ቦታ ሄዶብኝ ነው። 1986 ዓ.ም.፣ ክረምት፣ አንድ መጋዘን ውስጥ። ያን ቀን ያልመለስኩላትን ለእሷም ለእናንተም አሁን ልጻፈው።

ያኔ ወጣት ነበርኩ። በደርግ ዘመን የቡናውን የውጭ ንግድ በአብዛኛው የያዘው የመንግሥት ኮርፖሬሽን ነበር። መንግሥት ሲቀየር የግል ላኪዎች እንደገና ተነሱ። በ1985 መጀመሪያ ላይ ደግሞ የዶላር ምንዛሪ ከ2 ብር ከ7 ሳንቲም ወደ 5 ብር ወጣ። ቡና መላክ የሚያዋጣ ሥራ ሆነ፤ ላኪ እንደ አሸን ፈላ። እኔ የነበርኩበት ድርጅት ከእነዚያ ትንንሾቹ አንዱ ነው። ቢሮ ውስጥ አምስት ነበርን። ቀማሹም፣ ለውጭ ገዢዎች ደብዳቤ የሚጽፈውም እኔ ነበርኩ።

ሃምቡርግ ውስጥ አንድ ገዢ ነበረን። ድርጅቱ ትልቅ አይደለም። ሰውዬው ራሱ ይቀምሳል፣ ራሱ ፋክስ ይጽፋል። ናሙና ስልክለት «ተስማምቶኛል» ወይም «አልተስማማኝም» ብሎ ብቻ አያልፍም። «ሦስተኛው ሲኒ ላይ የሆምጣጤ ጣዕም አለ፤ ቡናው ገንዳ ውስጥ ብዙ ሰዓት ሳይቆይ አልቀረም» ብሎ ይጽፍልኛል። እኔ ደግሞ ናሙናውን እንደገና ቆልቼ፣ አፍልቼ እቀምሳለሁ። እውነቱን ነው! አለ! መጀመሪያ አልፌው የነበረ ጣዕም ምላሴ ላይ ይመጣል። ይህ ሰው ፊቴን ሳያይ ሁለት ዓመት አስተማረኝ። ፋክሶቹን ክላሰር ውስጥ አስቀምጣቸው ነበር። የፋክስ ወረቀት ስለሚደበዝዝ ዋና ዋናውን በእስክሪብቶ ደግሜ ጽፌበታለሁ።

በ1986 ግንቦት 600 ጆንያ የታጠበ ሲዳሞ ቡና ሸጥንለት። አንዱ ጆንያ 60 ኪሎ ነው፤ በጠቅላላው 36 ቶን። ነሐሴ ላይ በአሰብ በኩል ሊጫን ተስማማን። ዋጋው ተቆርጧል። ቡናው ከጨረታ ተገዝቶ፣ ተበጥሮ፣ ተለቅሞ መጋዘን ገብቷል። ጆንያዎቹ ላይም የገዢው ምልክት ተመትቷል። ከቆርቆሮ የተቆረጠውን ፊደል ጆንያው ላይ ታስቀምጡና በጥቁር ቀለም ትመቱታላችሁ። ያን ቀን እኔም ሃያ የሚሆን ጆንያ መትቻለሁ። ቀለሙ ከጥፍሬ ሥር አልለቅ ብሎ ሳምንት ከረመ።

ሰኔ ሊያልቅ ሲል ብራዚል ውስጥ ውርጭ ወረደ። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ደገመው። ከብራዚል የሚበልጥ ቡና አምራች በዓለም ላይ የለም። እዚያ ዛፉ ሲቃጠል የኛ ቡና ዋጋ እዚህ ይሰቀላል። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የኒውዮርክ ዋጋ ወደ እጥፍ ተጠጋ። የኛ ውል ግን በግንቦቱ ዋጋ ነው። ልዩነቱን በካልኩሌተር መታነው። ከ70 ሺህ ዶላር በላይ ሆነ።

ሥራ አስኪያጃችን ክፉ ሰው አልነበሩም። በደርግ ጊዜ ሱቃቸው ተወርሶ ብዙ ዓመት የሰው ሒሳብ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ይህን ዕድል የጠፋባቸውን ሊመልስላቸው እግዜር የላከው አድርገው ነው ያዩት። ጠሩኝና «ቡናው አልተገኘም ብለህ ጻፍለት» አሉኝ።

«ጋሼ፣ መጋዘን ውስጥ ነው እኮ ያለው» አልኳቸው።

«እሱ መጋዘናችንን አያይም» አሉኝ።

ጻፍኩ። ሦስት መስመር ነው። ዝናቡ በርትቷል፣ መንገድ ተቸግረናል፣ ለናሙናው የሚመጥን ቡና ልናገኝ አልቻልንም፣ ውሉ ይሰረዝልን። ከሥሩ ፈረምኩ። ፋክሱን ስልክ መስመሩ ተቋረጠ። አልሄደም። ወረቀቱን በእጄ ይዤ ጥቂት ቆምኩ። ያን ጊዜ ተመልሼ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ መግባት እችል ነበር። «እባክዎ ግማሹን እንኳ እንላክለት» ማለት እችል ነበር። ወይም «እርስዎ ይፈርሙበት» ማለት። እንደገና ደወልኩና ላክሁት።

በማግስቱ መልስ መጣ። «መልእክታችሁ ደርሶናል፤ እናመሰግናለን።» በቃ። እኔ የጠበቅኩት ክስ ነበር፤ የጠበቃ ደብዳቤ ነበር። አልመጣም። የናሙና አስተያየቱም ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀረ።

አሁን እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ፋክሱ አይደለም። ጆንያዎቹ ናቸው። የሰው ምልክት በተመታበት ጆንያ ለሌላ ገዢ መላክ አይቻልም። ስለዚህ 600ውም ተፈትቶ ቡናው ወደ አዲስ ጆንያ መገልበጥ ነበረበት። ሦስት ቀን ፈጀ። ተሸካሚዎቹ ይገለብጣሉ፣ አቧራው ይነሳል፣ ለቃሚዎቹ ሴቶች ጥግ ላይ ተደርድረው ሥራቸውን ይሠራሉ። ከእነሱ መካከል አንዲት ትልቅ እናት ነበሩ። አንገታቸውን ቀና አድርገው «ልጄ፣ ምን ሆነ? ቡናው ተበላሸ እንዴ?» አሉኝ።

«አይ እማማ፣ ጆንያው ነው የተበላሸው» አልኳቸው።

ባዶውን ጆንያ አንስተው አገላብጠው አዩት። አዲስ ነው። በመዳፋቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉት። አጣጥፈው መሬት ላይ አኖሩትና አንድ ቃል ሳይናገሩ ወደ ለቀማቸው ተመለሱ። እኚያ እናት ከዚያ በፊት ጠዋት ጠዋት በስሜ ጠርተው «እንዴት አደርክ» ይሉኝ ነበር። ከዚያ በኋላም ሰላምታቸው አልቀረም። ስሜ ግን ቀረ።

በዚያ ወር ጉርሻ ተሰጠኝ። ቴሌቪዥን ገዛሁበት።

ከመጋዘናችን ጎን አንድ ሌላ ላኪ ነበሩ። መርካቶ ያደጉ ነጋዴ ናቸው። እንግሊዝኛ አይናገሩም፤ ደብዳቤያቸውን የሚጽፍላቸው የእህታቸው ልጅ ነው። እሳቸውም ከዚያው ከሃምቡርጉ ሰው ጋር የ300 ጆንያ ውል ነበራቸው። የእኛ ቡና መጋዘን ነበር። የእሳቸው ግን ገና ግማሹ አልተገዛም። የጎደለውን በአዲሱ ዋጋ ከጨረታ ገዝተው በድሮው ዋጋ ላኩለት። ፒክአፓቸውን ሸጡ። ሰፈሩ ሁሉ «ሰውዬውን ነካ አድርጓቸዋል» አለ። እኔም ብያለሁ። ሻይ ቤት ተቀምጬ፣ ጮክ ብዬ።

ጊዜው አለፈ። በ1994 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። ቬትናም ብዙ ቡና ይዛ ገበያ ገብታለች፤ ዓለም በቡና ተጥለቅልቋል። የኒውዮርክ ዋጋ በፓውንድ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወረደ። ሐረርጌ ውስጥ ገበሬው ቡናውን እየነቀለ ጫት ተከለ። ይርጋጨፌ ሄጄ ቀይ እሸት ቡና ዛፉ ላይ ሲደርቅ አይቻለሁ፤ የለቃሚ ሒሳብ እንኳ አይመልስም ነበር።

እኔ ያኔ ሌላ ድርጅት ውስጥ የሽያጭ ኃላፊ ነበርኩ። ገዢ ፍለጋ አውሮፓ ተላክሁ። በሚያብረቀርቅ ወረቀት ብሮሸር አሳተምን። ሽፋኑ ላይ ቀይ እሸት፣ ውስጡ «ጥራት፣ ታማኝነት፣ ልምድ» የሚል ጽሑፍ። ቃላቱን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ሃምቡርግ ደርሼ ወደዚያ ሰው ቢሮ ሄድኩ። የቀይ ጡብ መጋዘኖች ያሉበት የድሮው የወደብ ሰፈር አካባቢ ነው። በአካል ስንተያይ የመጀመሪያችን ነበር። አርጅቷል። በጨዋ ደንብ ተቀበለኝ።

ናሙናዬን ቆላ። አምስት ሲኒ ደረደረ። ውኃ ጨምሮ አራት ደቂቃ ጠበቀና ላዩ ላይ የሰፈፈውን ዱቄት በማንኪያው ጀርባ ገፋ አደረገው። ጎንበስ ብሎ እንፋሎቱን ማገ። ከዚያ አንድ በአንድ፣ አምስቱንም፣ ድምፅ እያሰማ ሳበ። ማንኪያውን አለቀለቀና «ጥሩ ቡና ነው» አለኝ። ደስ አለኝ። ብሮሸሩን አቀረብኩለት። አልከፈተውም።

«ያ 600 ጆንያ» አለኝ፤ «በመጨረሻ ተገኘ?»

ሰባት ዓመት አልፎታል። ቁጥሩን አልረሳውም።

እውነቱን ልነግረው ይገባ ነበር። ይቅርታ ማለት እችል ነበር። ያልኩት ግን «እኔ ያኔ ተቀጣሪ ነበርኩ» ነው። እሱም ራሱን ነቅንቆ «አዎ፤ ፊርማው ያንተ ነበር» አለ። ቀና ስል ከኋላው መደርደሪያ ላይ የናሙና ጣሳዎች አየሁ። አራቱ ላይ የጎረቤታችን የመርካቶው ነጋዴ ስም ተለጥፏል። በዚያ ክፉ ዓመት፣ ሁላችንም ገዢ አጥተን ስንዞር፣ ለእሳቸው ከገበያው ዋጋ ላይ ጨምሮ ይገዛቸው ነበር። ይህን የነገረኝ ራሱ ነው። ሊያሳፍረኝ ብሎ አልመሰለኝም። የጠየቅኩት እኔ ነኝ፤ እሱ መለሰልኝ።

ቡናዬ ጥሩ ነበር። እሱ ራሱ በምላሱ መስክሮለታል። ግን አልገዛኝም። ልጆቼ፣ ይህን ነገር ቆም ብላችሁ እዩልኝ። እኛ ሥራችን ጥሩ ከሆነ ሰው ይመጣል ብለን እናስባለን። የኔ ቡና ከጎረቤቴ ቡና አያንስም ነበር። ሰውዬው ያጣው ጥሩ ቡና አልነበረም። ዋጋ ሲገለበጥ አብሮ የማይገለበጥ ሰው ነው የሚፈልገው፤ እሱን ደግሞ ብሮሸር ላይ ማሳየት አይቻልም።

እዚህ ላይ ያስተማሩኝን ቀማሽ ሳላነሳ ባልፍ ቅር ይለኛል። ቅምሻ ባለበት ቀን ምሳቸው ሽሮ ነው፤ እሱም ነጭ ሽንኩርት የሌለው፣ በርበሬ ያልገባበት አልጫ። ሽቶ ተቀብቶ የመጣ ሠልጣኝ ክፍል አይገባም። «መልካም ስም ከመልካም ሽቱ ይሻላል ይላል መጽሐፉ፤ ሂድ ታጥበህ ና» ይሉታል። ከሥራቸው ሁሉ የማልረሳው ግን አንድ ነገር ነው። የአቅራቢ ቡና ደረጃው ሲወርድ ወረቀት ሰጥተው አይሸኙትም። ሰውዬው ሌሊቱን በአይሱዙ ሲጓዝ አድሮ የመጣ ነው። ሲኒው ጋ ይጠሩታል። «ቅመስ» ይሉታል። «ይህ የመሬት ጣዕም ነው። በማድረቂያ አልጋ ላይ ሳይሆን መሬት ላይ ነው ያደረቅከው፤ አይደል?» አቅራቢው ተናዶ ገብቶ፣ አመስግኖ ይወጣል። በዓመቱ የተሻለ ቡና ይዞ ይመጣል።

እንግዲህ እኚህን ሰው ዛሬ ከእኔና ከጥቂት ሽማግሌዎች በቀር የሚያስታውሳቸው የለም። አንድ ቦታ እንኳ ስማቸው አልተጻፈም። ሥራ በዝምታ ይሠራ ስል የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እሳቸውን ሳስብ ግን እጠራጠራለሁ። እሳቸው ስለ ራሳቸው ባይናገሩም እኛ ተማሪዎቻቸው ልንናገርላቸው ይገባን ነበር። አልተናገርንም። ይህም ሌላ ጸጸቴ ነው።

ስለዚህ መታወቅ ክፉ ነው አልላችሁም። በ2012 ዓ.ም. ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ የተባለው ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ አገራችን ውስጥ ሲካሄድ የሲዳማው አርሶ አደር አቶ ንጉሴ ገመዳ አንደኛ ወጡ። ቡናቸው በጨረታ አንዱ ፓውንድ በ185 ዶላር ተሸጠ። ዜናውን ስሰማ እንባዬ መጣ። በዚያ ውድድር ላይ ቀማሾቹ የሚያዩት የሲኒ ቁጥር ብቻ ነው። የማን ቡና እንደሆነ አያውቁም። ስሙ የሚወጣው ሲኒው ከተናገረ በኋላ ነው። እንዲህ ያለ ዝና ሲመጣ እሰየው ነው።

የምርት ገበያው ጊዜም ትዝ ይለኛል። ከ2001 ጀምሮ ቡና በዚያ በኩል ሲያልፍ የእገሌ ጣቢያ ቡና፣ የእገሊት ቡና የሚባል ነገር ቀረ። በአካባቢና በደረጃ ተመድቦ ተቀላቅሎ ይወጣ ነበር። አቅራቢው ገንዘቡን ቶሎ ስለሚያገኝ ብዙዎች ተደስተዋል፤ ደስ ሊላቸውም ይገባል፤ ድሮ በላኪ የተካደ አቅራቢ ስንት ነው። እኔ ግን ከፋኝ። ዓመቱን ሙሉ አልጋ ላይ ቡና ሲያገላብጥ የከረመ ሰው ስሙ ጆንያው ላይ ሳይኖር ሲቀር ከፋኝ። የሰው ስም ካለበት ጆንያ ላይ ቡና የገለበጥኩ ሰው ስለሆንኩ ይሆናል።

እናንተ በብዙ ነገር ከእኛ ትበልጣላችሁ። ቋንቋ ታውቃላችሁ። ቅምሻ በዓለም አቀፍ ፈተና ተፈትናችሁ ፈቃድ አውጥታችኋል። ገበሬውን «አንተ» ብላችሁ አትጮሁበትም፤ በእኛ ጊዜ ይጮህበት ነበር። አንድ የማይዋጥልኝ ነገር አለ። ከሰው ጋር ሳትተዋወቁ ፎቶ ትነሳላችሁ። ገዢ በመጣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ፎቶው ተለጥፎ «ከአጋራችን ጋር» ይባላል። ሰውዬው ገና ሻዩን አልጨረሰም! አንድ ጆንያ አልገዛ! ደግሞ ስልክ መደወል ፈራችሁ። ቡናው የተመለሰበት አቅራቢ በዋትሳፕ «ውድቅ» የሚል አንድ ቃል ይላክለታል። ያ ሰው ልጁን ትምህርት ቤት ሊያስመዘግብ ያንን ብር ይጠብቅ ይሆናል። ደውሉለት። ለምን እንደወደቀ ንገሩት። አምስት ደቂቃ ነው።

የምትከፍሉበትን ቀን አክብሩ፣ በሰዓቱ ድረሱ እያልኩ አላደክማችሁም፤ ይህን እናቶቻችሁ ነግረዋችኋል። ከባዱ ሌላ ነው። መጥፎውን ወሬ ራሳችሁ ቀድማችሁ መናገር። ገዢው ሲኒው ላይ ከሚያገኘው እናንተ ብትነግሩት። ይህን ያላደረግኩት ፈርቼ ነው። ሥራዬን አጣለሁ ብዬ ነው። ፍርሃቱ ውሸት አልነበረም፤ ሥራዬን ላጣ እችል ነበር። ስለዚህ ቀላል ነው አልላችሁም።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። ያን ቀን ልትሄድ ስትነሳ በሩ ላይ ቆማ ሌላ ነገር ጣል አደረገች። የታጠበ ጉጂ አንድ ኮንቴይነር ሊጫን ነው። ገዢው ከሁለት ወር በፊት ናሙና ቀምሶ አጽድቆታል። አሁን ከመጫኑ በፊት ስትቀምሰው ከአምስቱ ሲኒ ሁለቱ ደክመዋል፤ ጆንያ ጆንያ ይላሉ። እርጥበቱም ጨምሯል። አለቃዋ «ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ አያገኘውም፣ ይጫን» ብሏታል። የምስክር ወረቀቱ ላይ የምትፈርመው እሷ ናት።

«ቅድም የጠየቅሽኝ እኮ ይሄንኑ ነው» አልኳትና መልሼ አስቀመጥኳት።

ሦስተኛው ቡና ፈላ። የ600ውን ጆንያ ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳት። ለልጆቼ እንኳ አውርቼው አላውቅም። ስጨርስ ስለ እኔ ምንም አላለችም። «እኚያ እናት ግን ከዚያ በኋላ ምን አሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም። በዓመቱ ሥራ ለቀቁ፤ የት እንደሄዱ አልጠየቅኩም።

ከትናንት ወዲያ ደወለችልኝ። አለቃዋ ጋ ሁለት ጊዜ ገብታለች። በመጨረሻ «በራስሽ ኃላፊነት» ብሎ ፈቅዶላታል። ለገዢው የጻፈችውን አነበበችልኝ። የእርጥበቱን ቁጥር ጽፋለች፣ ሁለቱን ሲኒዎች ጽፋለች፣ አዲስ ናሙና በዲኤችኤል ልካለች። ዋጋ መቀነስም፣ ቡናውን መቀየርም፣ መሰረዝም የእሱ ምርጫ እንደሆነ ጨምራለች። ከታች ስሟ አለ። አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ «በዝናብ ምክንያት» የሚል ነበረበት፤ አውጪው አልኳት፤ አወጣችው።

ከላከችው ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። መልስ አልመጣም። ኮንቴይነሩ ሞጆ ቆሟል፤ የቀኑ ኪራይ ይቆጥራል። ማታ እደውልልሃለሁ ብላኛለች። ስልኩን አጠገቤ አድርጌ ነው ይህን የምጽፈው።